ጉምጉምታውን ማን ዝም አሰኘው? የሀምበከር ፒክአፕ ታሪክና የአንድ ምርጫ ጉዳይ

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዝታችኋል። ቅርጹ ያምራል፣ አንገቱም ቀጥ ያለ ነው። አምፕሊፋየር ላይ ሰክታችሁ ስትጫወቱበት ግን ከብሪጁ አጠገብ ያለው ፒክአፕ ድምፁ አልጣማችሁም። ጓደኛችሁ "ቀይሩት በቃ!" አላችሁ። ቀላል ይመስላል። ገበያውን ስታዩ ግን ግራ ገባችሁ። አንዱ "8 ኪሎ ኦም" ይላል፣ ሌላው "16 ኪሎ ኦም"። አንዱ "አልኒኮ" ነው፣ ሌላው "ሴራሚክ"። ያጠራቀማችሁት ብር ደግሞ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የትኛውን ትገዛላችሁ?

ብዙ ሰው ትልቁን ቁጥር ይመርጣል። 16 ከ8 ይበልጣላ! ከዚያ ገዝቶ፣ አስበይዶ፣ ሰክቶ ሲሞክረው ያው ቅሬታ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ይብሳል። ለምን? መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው። ዛሬ ስማቸው የሚጠራው ፒክአፖች በሙሉ ማለት ይቻላል የተወለዱት "ከሁሉ የሚበልጥ ልሥራ" ከሚል ምኞት አይደለም። አንድ ሰው አንድ የተወሰነ ችግር ነበረበት፤ ያንን ችግር ለይቶ አወቀ፤ ለዚያ ችግር መፍትሔ ሠራ። የእኛ ሰው "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላል። ጊታርም እንደዚያው ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ክር እንዴት ኤሌክትሪክ ይሆናል?

ክራርን ተመልከቱ። ክሩ ብቻውን ቢሆን ድምፁ እዚሁ አጠገባችን ይቀር ነበር። የሚያጎላው በቆዳ የተለበጠው ሳጥኑ ነው። ተራው ጊታርም ባዶ የእንጨት ሆድ ያለው ለዚሁ ነው። በ1920ዎቹ የነበሩት የአሜሪካ ጊታር ተጫዋቾች ግን ይህ አልበቃቸውም። አብረዋቸው የሚጫወቱት ጥሩምባ፣ ሳክስፎንና ከበሮ ናቸው። ጊታሪስቱ ጣቱ እስኪደማ ቢመታ እንኳን ከኋላ የተቀመጠ ሰው አይሰማውም። የመጀመሪያው ችግር ይኸው ነበር፦ *አልሰማም*።

መፍትሔው ከመቶ ዓመት በፊት ተገኝቶ ተቀምጧል። በ1831 እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በጥቅል ሽቦ አጠገብ ማግኔት ሲንቀሳቀስ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳየ። ዋናው ነገር ለውጡ ነው፤ ማግኔቱ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ምንም አይፈጠርም። ዛሬ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። ጊታርም እንደዚሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጊታሩ ክሮች ሥር ማግኔት ይቀመጣል፤ በማግኔቱ ዙሪያ በጣም ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ይጠመጠማል። ክሩ ብረት ስለሆነ ማግኔቱ እሱንም ትንሽ ማግኔት ያደርገዋል። ክሩ ሲርገበገብ በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው መግነጢሳዊ መስክ አብሮ ይለዋወጣል። መስኩ ሲለዋወጥ ጥቅሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ክሩ በሰከንድ 82 ጊዜ ከተርገበገበ (ወፍራሙ ክር በተለመደው ቅኝት እንደዚያ ነው) ኤሌክትሪኩም በሰከንድ 82 ጊዜ ይመላለሳል። አምፕሊፋየሩ ይህንን ትንሽ ምልክት አግዝፎ ለስፒከሩ ይሰጠዋል። የናይለን ክር ብትገጥሙ ግን ፒክአፑ ምንም አይሰማም፤ ናይለን ብረት አይደለማ።

ይህንን ለጊታር በሚሠራ መልክ ካቀረቡት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ጆርጅ ቦሻም ነው። በ1931 በሎስ አንጀለስ የሠራው ጊታር ክብ ሆዱና ረጅም አንገቱ መጥበሻ ስለሚመስል "መጥበሻው" ተባለ። ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር ሆኖ በ1932 ለገበያ አቀረበው፤ የፈጠራ መብቱን ማለትም ፓተንቱን ያገኘው ግን በ1937 ነው። ጊብሰን የተባለው ፋብሪካም በ1936 ኢ ኤስ 150 የሚባለውን ጊታር አወጣ። ወጣቱ ቻርሊ ክርስቲያን በዚህ ጊታር ከቤኒ ጉድማን ጋር ሲጫወት ጊታር ከጥሩምባ ጎን ቆሞ ብቻውን ዜማ መምራት እንደሚችል ለዓለም ታየ።

"አልሰማም" የሚለው ችግር ተፈታ። በእግሩ ግን ሌላ መጣ።

ያልተጠራው እንግዳ

ጥቅል ሽቦ አያዳላም። የክሩን መስክ እንደሚሰማ ሁሉ በአካባቢው የሚለዋወጥ ሌላ መስክ ካለም ይሰማል። በየግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው የመብራት መስመር ደግሞ እንዲህ ያለ መስክ ይፈጥራል። በአሜሪካ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ በኢትዮጵያና በአውሮፓ 50 ጊዜ። ትራንስፎርመሩም፣ ሞተሩም፣ የኒዮን መብራቱም የራሳቸውን ይጨምራሉ። ውጤቱ ሁላችንም የምናውቀው "እምምምም..." የሚል ጉምጉምታ ነው።

ጉምጉምታው ዋናውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን እጥፎቹንም ይዞ ይመጣል። የ50 እጥፍ 100 ነው። የጊታሩን ወፍራም ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ስትይዙት የሚወጣው ድምፅ ደግሞ 98 ሄርዝ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የሚጫወት ጊታሪስት አጠገቡ ያልተጠራ እንግዳ ቁጭ ብሎ ያለማቋረጥ እዚያች ድምፅ አጠገብ ያንጎራጉራል ማለት ነው፤ ያውም ትንሽ ከቅኝት ወጥቶ!

በ1940ዎቹና በ50ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ዝነኛ ፒክአፖች፣ የጊብሰኑ ፒ 90ም ሆነ የፌንደሮቹ፣ ባለ አንድ ጥቅል ነበሩ። ድምፃቸው እስከ ዛሬ ይወደዳል። ግን ሁሉም ያጉመተምታሉ። ሁለተኛው ችግር፦ *ዝም አይልም*።

ካላማዙ፣ 1955

ሴት ላቨር በ1910 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ካላማዙ ከተማ የተወለደ የሬዲዮና የኤሌክትሮኒክስ ሰው ነው። በባሕር ኃይል አገልግሏል። በ1950ዎቹ በዚያው ከተማ በነበረው የጊብሰን ፋብሪካ ተቀጥሮ አምፕሊፋየርና ፒክአፕ ይሠራ ነበር። በአምፕሊፋየር ሥራ ላይ ጉምጉምታን የሚያጠፋ የጥቅል ሽቦ ዘዴ ተጠቅሟል። "ይህ ለአምፕሊፋየር ከሠራ ለፒክአፕ ለምን አይሠራም?" ብሎ አሰበ።

ዘዴውን ለመረዳት የሒሳብ ትምህርታችሁን አስታውሱ፦ ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ይሆናል።

ላቨር ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንደኛውን ከሌላኛው በተቃራኒ አቅጣጫ አገናኘው። ጉምጉምታው ከውጭ ስለሚመጣ ሁለቱንም ጥቅሎች እኩል ይነካቸዋል። ግን አንዱ "ሲደመር" ሲል ሌላው "ሲቀነስ" ይላል። ሲገናኙ ይጣፋሉ፤ ዜሮ። እስከዚህ ጥሩ ነው። ነገር ግን የክሩስ ድምፅ አብሮ አይጠፋም?

እዚህ ላይ ነው ብልሃቱ። ላቨር ማግኔቱንም ገለበጠው። አንደኛው ጥቅል የማግኔቱን ሰሜን ዋልታ፣ ሌላው ደቡቡን ያገኛል። የክሩ ምልክት የሚፈጠረው በዚሁ ማግኔት ስለሆነ በሁለተኛው ጥቅል ሁለት ጊዜ ይገለበጣል፤ አንዴ በማግኔቱ፣ አንዴ በጥቅሉ። ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ፖዘቲቭ! ስለዚህ የክሩ ድምፅ ሲደመር ጉምጉምታው ብቻ ተጣፍቶ ይቀራል። ስሙም ከዚህ መጣ፦ "ሀም" ጉምጉምታው ነው፣ "በከር" ደግሞ ገፍትሮ የሚመልስ እንደማለት ነው።

ላቨር ማመልከቻውን በሰኔ 1955 ለአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት አቀረበ። መብቱ የተሰጠው በሐምሌ 1959 ነው። በእርግጥ ሁለት ተቃራኒ ጥቅሎችን መጠቀም በራሱ አዲስ ሐሳብ አልነበረም፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሞከሩት ነበሩ። በዚያው በ1950ዎቹም ሬይ በትስ የተባለ ሰው ለጊታሪስቱ ቼት አትኪንስ የራሱን ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ሠርቶ ግሬች በተባለው ኩባንያ ጊታሮች ላይ ገባ። ሁለት ሰዎች በተለያየ ቦታ ለአንድ መፍትሔ መድረሳቸው አይገርምም። ሁለቱም የሚሰሙት ያንኑ "እምምምም" ነዋ!

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ላቨር የፈለገው *ጸጥታ* ነው። የጮኸ፣ የተቀደደ፣ የሮክ ድምፅ በሐሳቡም አልነበረም። በዚያ ዘመን መሐንዲሶች ዘንድ ዲስቶርሽን ማለት ጉድለት ነው፤ መጠገን ያለበት ነገር።

ትንሿ ጥቁር ወረቀት

ከ1957 ጀምሮ አዲሱ ፒክአፕ ሌስ ፖል በሚባሉት የጊብሰን ጊታሮች ላይ ተገጠመ። ፓተንቱ ገና ስላልጸደቀ ከፒክአፑ ሥር "የፓተንት ማመልከቻ ቀርቧል" የሚል ትንሽ ጥቁር ወረቀት ተለጠፈበት። ከእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ፊደላት ተነሥተው ጊታሪስቶች እስከ ዛሬ "ፒ ኤ ኤፍ" ይሉታል። የዚያን ዘመን ዋናው ፒ ኤ ኤፍ ዛሬ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል።

ወረቀቷ እስከ 1962 ገደማ ቆየች። ከዚያ በኋላ የመጣው ወረቀት ቁጥር ነበረበት፦ 2,737,842። የሚገርመው ይህ ቁጥር የፒክአፑ አይደለም! ሌስ ፖል ለተባለው ሙዚቀኛ የተሰጠ፣ የክር ማሰሪያ ፓተንት ነው። የፒክአፑ ትክክለኛ ቁጥር 2,896,491 ነበር። ኮፒ አድራጊዎች የተሳሳተውን ሰነድ እንዲያነቡ ሆን ተብሎ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

ታዲያ ፒ ኤ ኤፍ ምን ምሥጢር ቢኖረው ነው እንዲህ የተወደደው? ውስጡን ስናየው አስቂኝ ነገር እናገኛለን። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ 5,000 ዙር ገደማ ሽቦ መጠምጠም ነበረበት። ሽቦው የሰው ፀጉር ያህል ነው። የሁለቱም ጥቅሎች ሽቦ ቢዘረጋ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይሄዳል። የመጠምጠሚያ ማሽኖቹ ግን ልክ ዙሩ ሲሞላ ራሳቸው የሚቆሙ አልነበሩም። ስለዚህ አንዱ ትንሽ አነሰ፣ አንዱ ትንሽ በዛ። ማግኔቱም ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት የተቀመመው አልኒኮ ሆኖ ደረጃው እንደተገኘ ይለያይ ነበር። ውጤቱ? ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ፒክአፖች ሬዚስታንሳቸው ከ7 እስከ 9 ኪሎ ኦም ይለያያል።

ስለዚህ "የፒ ኤ ኤፍ ድምፅ" የሚባል አንድ ድምፅ የለም። ብዙ ፒ ኤ ኤፎች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። ዛሬ ኩባንያዎች በኮምፒዩተር በሚመራ ማሽን ለመድገም የሚደክሙት ያኔ በአጋጣሚ የተፈጠረውን ልዩነት ነው።

ለምን ብሪጁ ጋ ያለው?

አሁን ወደ ብሪጁ እንምጣ። በልጅነታችሁ ገመድ ዘላችኋል አይደል? ሁለት ልጆች ገመዱን ሲያዞሩት መሐሉ ሰፊ ክብ ይሠራል፤ እጃቸው አጠገብ ግን ገመዱ ብዙም አይንቀሳቀስም። የጊታር ክርም እንደዚያው ነው። ብሪጁ የታሰረበት ጫፍ ስለሆነ እዚያ አጠገብ የክሩ እንቅስቃሴ ትንሽ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ አንድ ዓይነት ፒክአፕ ብሪጁ ጋ ሲቀመጥ አንገቱ ጋ ካለው ያነሰ ምልክት ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ወፍራሙ ድምፅ እዚያ ስለሚያንስ ቀጫጭኖቹና ስለታሞቹ ድምፆች ጎልተው ይሰማሉ። ብሪጅ ፒክአፕ "ይወጋል" የሚባለው ለዚህ ነው። ዜማ ጠርቶ ከባንዱ መሐል እንዲወጣ የሚያደርገውም ያው መውጋቱ ነው። በፒ ኤ ኤፍ ዘመን ፋብሪካው "ይህ የብሪጅ፣ ይህ የአንገት" ብሎ አይለይም ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ኩባንያዎች የብሪጁን ጥቂት ዙር ጨምረው ይጠመጥሙታል፤ ምልክቱ እንዲበረታና ስለቱ እንዲለዝብ።

ስለዚህ ጊታሪስቶች በብዛት የሚቀይሩት ይህንን ነው። ደካማ ከሆነ መጀመሪያ የሚታወቀው፣ ስለታም ከሆነ መጀመሪያ ጆሮ የሚወጋው እሱ ነው።

ጸጥተኛው ሲጮኽ

የሌስ ፖል ጊታር በመጀመሪያ ገበያ አልቀናውም። ጊብሰን በ1961 ቅርጹን ለወጠው። በ1966 ግን እንግሊዛዊው ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜየል ባንድ ጋር ባወጣው አልበም ላይ ሌስ ፖሉን በማርሻል አምፕሊፋየር ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጫወተበት። የሁለቱ ጥቅሎች ምልክት ስለሚደመር ሀምበከር አምፕሊፋየሩን በኃይል ይገፋዋል። አምፕሊፋየሩ ሲጨናነቅ ድምፁ ይወፍራል፣ ይረዝማል፣ ይዘፍናል። መሐንዲሶቹ "ጉድለት" ያሉት ነገር ዜማ ሆነ። ጊብሰንም በ1968 የቆመውን ሌስ ፖል እንደገና ማምረት ጀመረ።

አስቡት፤ ለጸጥታ የተሠራ ዕቃ የጩኸት መሣሪያ ሆነ። ያለ እሱ ግን ጩኸቱ ይከብድ ነበር፤ ምክንያቱም አምፕሊፋየሩ እንደዚያ ሲከፈት የአንድ ጥቅል ጉምጉምታም አብሮ ይገዝፋል።

ከዚያ በኋላ አዳዲስ ችግሮች፣ አዳዲስ መልሶች መጡ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ ውስጥ ላሪ ዲማርዚዮ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ሰዎች አምፕሊፋየራቸው ቶሎ እንዲጨናነቅላቸው ይፈልጋሉ፣ የፋብሪካው ፒክአፕ ግን አይገፋላቸውም። ብዙ ዙርና የሴራሚክ ማግኔት ያለው ሱፐር ዲስቶርሽን የሚባል ፒክአፕ ሠራ። አሮጌውን አውጥቶ በቦታው የሚገጠም "መለወጫ ፒክአፕ" የሚባለው ንግድ በሰፊው የተጀመረው ከዚህ ነው። ሲሞር ደንከን ደግሞ ለጄፍ ቤክ የተሰበሩ የጊብሰን ፒክአፖችን እንደገና ጠምጥሞ ጊታር ሠራለት፤ ጄፍ ቤክ በ1975 አልበሙ ላይ ተጠቅሞበታል። ደንከን ቆይቶ በካሊፎርኒያ በስሙ ኩባንያ አቋቋመ፤ ጄቢ የሚባለው የብሪጅ ፒክአፕ የኩባንያው ዝነኛ ሞዴል ሆነ።

የሁሉም አስገራሚው የኤዲ ቫን ሄለን ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ የፌንደር ዓይነት ጊታር ቅርጽና የጊብሰንን ወፍራም ድምፅ አንድ ላይ ፈለገ። እንዲህ ያለ ጊታር ገበያ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ከጊብሰን ጊታር ፒ ኤ ኤፍ ነቅሎ በሌላ ጊታር ብሪጅ ጋ ገጠመው። ሁለት ችግር ገጠመው። አንደኛ፣ የፌንደር ብሪጅ ክሮቹን ሰፋ አድርጎ ነው የሚይዛቸው፤ የፒክአፑ ብረቶች ከክሮቹ ጋር አልገጠሙም። ምን አደረገ? ፒክአፑን አጋደለው! ሁለተኛ፣ ድምፁ ከፍ ሲል ጥቅሉ ራሱ እየተንቀጠቀጠ "ፊይይይ" የሚል ፉጨት ያመጣል። ፒክአፑን በቀለጠ ሰም ውስጥ ነከረው፤ ሰሙ ሲደርቅ ሽቦው አርፎ ተቀመጠ። በ1978 በወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ላይ በዚህ በእጅ በተሠራ ጊታር ተጫውቷል። ዛሬ አብዛኞቹ ኩባንያዎች ፒክአፕ ሰም ያጠጣሉ፤ ለፌንደር ዓይነት ብሪጅም ሰፋ ያለ ሀምበከር ይሠራሉ።

ሴት ላቨርስ? በ1967 ጊብሰንን ትቶ ወደ ተፎካካሪው ፌንደር ሄደ። እዚያም ሀምበከር ሠራ፤ ግን ያንኑ አልደገመም። የፌንደር ሰዎች የሚፈልጉት ጸጥ ያለ ሆኖ የፌንደርን ጥራትና ብሩህነት የያዘ ድምፅ ነበር። ስለዚህ ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከብረት የተሠራ ሌላ ማግኔት ተጠቅሞ ሌላ ፒክአፕ ሠራ። አንድ ሰው፣ ሁለት ችግር፣ ሁለት መልስ።

ቁጥሩ የማይነግራችሁ ነገር

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፦ 8 ወይስ 16 ኪሎ ኦም?

ይህ ቁጥር የሽቦው ሬዚስታንስ ነው። ሽቦ ሲረዝም ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ቁጥር ብዙ ዙርን ያመለክታል። *ብዙ ጊዜ* ነው ያልኩት። ሽቦው ቀጭን ከሆነ ዙሩ ሳይጨምርም ቁጥሩ ያድጋል። ሙቀትም ይለውጠዋል፦ የመዳብ ሬዚስታንስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በ20 ዲግሪ 8 ኪሎ ኦም የነበረው ፒክአፕ በ30 ዲግሪ 8.3 ይሆናል። ድምፁ ተሻሻለ? በጭራሽ።

ዋናው ነገር ሌላ ነው። ጥቅሉና ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው ኬብል አንድ ላይ ሆነው አንድ ድግግሞሽ መርጠው ያጎላሉ፤ ዥዋዥዌ በራሱ ምት ሲገፋ ከፍ እንደሚል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ድምፅ እየደከመ ይሄዳል። ዙር ሲጨምር ይህ ቦታ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ብዙ ዙር ያለው ፒክአፕ ይበረታል፣ ግን ይደበዝዛል። "የበለጠ" ሳይሆን "የተለየ" ነው። ጊታራችሁ ድሮም ድብዝዝ ያለ ከሆነ 16 ኪሎ ኦሙ ጭቃ ያደርግባችኋል።

እንግዲህ እንዴት እንምረጥ?

እንደ ላቨር፣ እንደ ቫን ሄለን፤ መጀመሪያ ችግሩን በስሙ ጥሩት።

*"ያጉመተምታል።"* ጊታሩን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ፊታችሁን ስትቀይሩ ጉምጉምታው ከቀነሰና ከጨመረ መግነጢሳዊ ነው፤ ሀምበከር የሚያጠፋው ይህንን ነው። ክሩን ስትነኩት ብቻ የሚቀንስ ከሆነ ግን የጊታሩን ውስጥ መከለልና የምድር ሽቦውን ማየት ይሻላል። ፒክአፕ መቀየር አያድነውም።

*"ይደክማል።"* ምንም ሳትገዙ ካቻቢቴ አንሡ። በፒክአፑ ጎንና ጎን ያሉትን ብሎኖች አዙራችሁ ወደ ክሮቹ ትንሽ ትንሽ አስጠጉት። ማግኔትና ክር ሲቀራረቡ ምልክቱ ይጠነክራል። ክሮቹም አሮጌ ከሆኑ ቀይሯቸው። ይህ ካልበቃ ያኔ ዙሩ የበዛውን አስቡ።

*"ይወጋል።"* መጀመሪያ የቶን ቁልፉን ቀንሱ፣ ፒክአፑን ዝቅ አድርጉ። ካልሆነ ወደ መካከለኛ ዙር የሚሄድ አልኒኮ ይረዳል።

*"ድብዝዝ ነው።"* ትልቁን ቁጥር ሽሹ። ዙሩ ያነሰ፣ ፒ ኤ ኤፍን የሚመስል ይሻላችኋል። የድምፅ ቁልፉንም እዩ፦ ለሀምበከር የተለመደው 500 ኪሎ ኦም ነው፤ ባለ 250 ከተገጠመ ከፍተኛውን ድምፅ ያለዝበዋል። ይህ ዕቃ ከፒክአፕ በጣም ይረክሳል። በጣም ረጅም ኬብልም ድምፅ ያደበዝዛል።

*"ሲጮኽ ያፏጫል።"* ሰም የጠጣ መሆኑን ጠይቁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የክሮቹን ስፋት ብሪጁ ጋ ለኩ። ከመጀመሪያው ክር መሐል እስከ ስድስተኛው 52 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ሰፊውን፣ 50 ገደማ ከሆነ የተለመደውን። አራት ሽቦ ያለው ከሆነም የሽቦ ቀለሞቹ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያሉ፤ የአንዱን ሥዕል አይታችሁ የሌላውን አትበይዱ። ከሁለቱ ጥቅሎች አንዱን ብቻ በቁልፍ ማሠራት ትችላላችሁ፤ ያኔ ግን እዚያ ያልተጠራው እንግዳ ተመልሶ ይመጣል!

ሴት ላቨር በ1997 አረፈ። ምናልባት እናንተም ብሩን አውጥታችሁ ትቀይሩት ይሆናል፣ ምናልባትም በካቻቢቴ አንድ ዙር አዙራችሁ ችግሩ ያልቅ ይሆናል። ሁለቱም ጥሩ ነው። ላቨርም የጀመረው ከዕቃ ዝርዝር ሳይሆን በጆሮው ከሚሰማው አንድ "እምምምም" ነው። እስቲ ዛሬ ማታ ጊታራችሁን ስኩና ምንም ሳትጫወቱ ለአንድ ደቂቃ አዳምጡት። ምን ይላችኋል?